ከየትኞቹ የጊታር ኮርዶች እንጀምር? ቪዲዮ መሥራት ለሚፈልግ ጀማሪ የንጽጽር መመሪያ

ጊታር ገዝታችኋል፣ ወይም የሆነ ሰው አውሷችኋል። መድረክ ላይ የመውጣት ሐሳብ የላችሁም። የምትፈልጉት ለቲክቶክ ወይም ለዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮ መሥራት ነው። አንዳንዱ ግጥም ሊያነብበት ያስባል፣ አንዳንዱ ሊዘፍንበት፣ ሌላው ደግሞ ከዜሮ ሲማር እያሳየ ተከታይ ሊያፈራ። ከዚያ የጀማሪ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች ስብስብ) ፍለጋ ሲጀመር ግራ መጋባቱ ይመጣል። አንዱ አስተማሪ «በአንድ ጣት ጀምሩ» ይላል። ሌላው «እሱ መጥፎ ልማድ ያስይዛል፣ ሙሉውን ተማሩ» ይላል። ሦስተኛው ሁለት ጣቱን ሳያነሳ አራት ኮርድ ይጫወታል። አራተኛው ደግሞ ፓወር ኮርድ ብቻ ይበቃችኋል ባይ ነው።

እያንዳንዳቸው ለሆነ ሰው ትክክል ናቸው። ጥያቄው ለእናንተ ቪዲዮ የቱ ይሠራል የሚለው ነው። ስለዚህ መንገዶቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉም በላይ የማስቀድመው መቀያየርን ነው። ተመልካች አንድ ኮርድ ትንሽ ቢንጫጫ ይታገሣል። ምቱ ሲቆም ግን ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ያልፋል። ሂሳቡን እንየው። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ ወይም አፕ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጋችሁ በየአራት ምቱ ኮርድ ብትቀይሩ፣ በየ4 ሰከንዱ ትቀይራላችሁ። በደቂቃ 15 ጊዜ ማለት ነው። በ80 ምት በየ3 ሰከንዱ፣ በደቂቃ 20 ጊዜ ይሆናል። በ120 ምት ደግሞ በየ2 ሰከንዱ፣ 30 ጊዜ። ስለዚህ «ስንት ኮርድ አውቃለሁ?» ብላችሁ አትጨነቁ። «በደቂቃ ስንቴ ሳልደናቀፍ እቀይራለሁ?» ብላችሁ ቁጠሩ። መቀያየር የለመደ ሰው ደግሞ ዓይኑን ከጣቱ አንስቶ ካሜራውን ማየት ይችላል። ለቪዲዮ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ በስልክ ላይ እንዴት ይሰማል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያየው በስልኩ ስፒከር ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር፣ 6ኛው፣ ክፍቱን (ጣት ሳይይዘው) ሲመታ ወደ 82 ኸርዝ ነው። ትንሽ የስልክ ስፒከር እንደዚህ ያለ ወፍራም ድምፅ በአግባቡ አያወጣም። ቀጭኑ 1ኛ ክር ግን ወደ 330 ኸርዝ ስለሆነ ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህ ምርጫውን ይለውጠዋል። ክፍል ውስጥ ጎዶሎ የሚመስል ትንሽ ኮርድ በስልክ ሲሰማ ከሙሉው ያን ያህል አያንስም።

ሌሎቹ መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፦ ጣት ላይ ያለው ጫና፣ ለምትዘፍኑ ሰዎች ከድምፃችሁ ከፍታ ጋር መግጠሙ፣ እና ዛሬ የተማራችሁት ነገ ላይ ማገልገሉ።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ አጠራር አንድ ነገር። 1ኛ ክር ስል ቀጭኑን፣ 6ኛ ስል ወፍራሙን ማለቴ ነው። ፍሬት የምለው አንገቱ ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለውን ቦታ ነው፤ 1ኛ ፍሬት ለመቃኛዎቹ የሚቀርበው ነው። ጊታሩ ከወፍራም ወደ ቀጭን ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል። ነፃ የመቃኛ አፕ በየስልኩ ስላለ ያልተቃኘ ጊታር ይዞ የመቅረጽ ምክንያት የለም።

አንደኛ መንገድ፦ የሦስት ክር ኮርዶች

እዚህ የምትመቱት ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ነው። 1ኛ ክርን 3ኛ ፍሬት ላይ ስትይዙ ጂ ሜጀር ነው። 2ኛ ክርን 1ኛ ፍሬት ላይ ስትይዙ ሲ ሜጀር ነው። ምንም ሳትይዙ ሦስቱን ክሮች ስትመቱ ኢ ማይነር ሆነ ማለት ነው። ኤ ማይነር ሁለት ጣት ይፈልጋል፦ 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ፣ 2ኛ ክር 1ኛ ፍሬት ላይ፣ 1ኛው ክፍት።

ለመቀያየር የሚስተካከለው የለም። የጣት ጫፉ ገና ያልደነደነ ሰውም ብዙ ሳይሰቃይ ይጫወተዋል። ከንግግር ወይም ከግጥም ሥር ሲገባ ደግሞ ወፍራም ክር ስለሌለው ድምፃችሁን አይሸፍነውም። እኔ ይህን መንገድ «የልጆች» ብሎ ማጣጣሉን አልወደውም። ለአንዳንድ ቪዲዮ ከሙሉው ኮርድ ይልቅ የሚመጥነው እሱ ነው።

ችግሩ ዲ ላይ ይጀምራል። ዲ ሜጀር በሦስት ክርም ሦስት ጣት ይወስዳል፦ 3ኛ ክር 2ኛ፣ 2ኛ ክር 3ኛ፣ 1ኛ ክር 2ኛ ፍሬት። ያ ደግሞ ከሙሉው ዲ ጋር አንድ ነው፤ ማቅለያ የለውም። ሌላው ችግር ቀኝ እጅ ላይ ነው። ሦስት ክር ብቻ ለይቶ መምታት በራሱ ልምምድ ይፈልጋል። ጊታሩ ብቻውን የሚሰማበት ቪዲዮ ላይም ድምፁ ይሳሳል።

ሁለተኛ መንገድ፦ ሁለት ጣት የማይነሳባቸው ኮርዶች

ይህን መንገድ ብዙ ጀማሪ ሳያውቀው ያልፈዋል። ለቪዲዮ ግን እጅግ የሚመች ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው።

የቀለበት ጣታችሁን 2ኛ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ፣ ትንሿን ጣት 1ኛ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ አስቀምጡ። እነዚህ ሁለቱ አይንቀሳቀሱም። የሚንቀሳቀሱት አመልካችና የመሃል ጣት ብቻ ናቸው።

- ጂ፦ የመሃል ጣት 6ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ አመልካች 5ኛ ክር 2ኛ ፍሬት።
- ሲ አድ 9፦ ሁለቱም ጣቶች አንድ ክር ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የመሃል ጣት 5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት፣ አመልካች 4ኛ ክር 2ኛ ፍሬት። 6ኛው ክር አይመታም።
- ኢ ማይነር 7፦ አመልካች 5ኛ ክር 2ኛ፣ የመሃል ጣት 4ኛ ክር 2ኛ ፍሬት።
- ዲ ሰስ 4፦ አመልካች 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት። የሚመታው ከ4ኛ ክር ጀምሮ ነው።

ከጂ ወደ ሲ አድ 9 ያለውን ለውጥ ልብ በሉ። የጣቶቹ ቅርጽ ራሱ ነው፣ አንድ ክር ብቻ ነው የሚሻገረው። በተለመደው አያያዝ ግን ከጂ ወደ ሲ መቀየር ጀማሪን በጣም ከሚያስቸግሩት አንዱ ነው። እዚህ ችግሩ ቀለለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ ድምፁ ነው። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች በሁሉም ኮርድ ላይ ያንኑ ዲ እና ጂ ስለሚያሰሙ፣ ጣታችሁ ትንሽ ቢዘገይም ከላይ ድምፁ አይቋረጥም። ክፍተቱ ይሸፈናል። የስልክ ስፒከር ጎልቶ የሚያወጣውም እነዚህን ቀጫጭን ክሮች ነው። ገና የተማረ ሰው ቪዲዮ ያልተደናቀፈ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ያ የማይቋረጥ ድምፅ ሁሉንም ኮርድ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባዋል። ኀዘን ያለበት ዜማ ላይ ኢ ማይነር 7 ከተራው ኢ ማይነር ይልቅ ይለሰልሳል። ዲ ሰስ 4 ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዜማችሁ ኤፍ ሻርፕ ላይ ረግጦ የሚቆም ከሆነ ከላይ ካለው ጂ ጋር ይጋጫል። መፍትሔው ትንሿን ጣት አንስቶ የመሃል ጣትን 1ኛ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ማስቀመጥ ነው። ያኔ ተራው ዲ ሜጀር ይሆናል። ትንሿ ጣትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትደክማለች። ሲያማችሁ እረፉ።

ሦስተኛ መንገድ፦ የተለመዱት ክፍት ኮርዶች

ኢ ማይነር፣ ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤ ማይነር። ቆየት ብሎ ኤ፣ ኢ እና ዲ ማይነር ይጨመራሉ። ብዙ መጽሐፍና አስተማሪ የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ ለዚያም በቂ ምክንያት አለው። በእነዚህ የሚሠራው ዘፈን ብዛት የትየለሌ ነው። ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ የሚለው ቅደም ተከተል ብቻውን ስፍር ቁጥር በሌላቸው ዘፈኖች ውስጥ ይገኛል።

የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። እያንዳንዱ ኮርድ የራሱ ቅርጽ ስላለው ጣቶች ተነስተው እንደገና ቦታ መፈለግ አለባቸው። ይህን የሚያቀልለው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደምትማሩት ነው። በእኔ እምነት በፊደል ተራ ወይም ደረስኩበት በሚል ከመማር፣ ጣት በሚጋሩ ጥንዶች መማር ይሻላል።

ኤ ማይነርና ሲን አብራችሁ ያዙ። ኤ ማይነር ላይ አመልካች 2ኛ ክር 1ኛ፣ የመሃል ጣት 4ኛ ክር 2ኛ፣ የቀለበት ጣት 3ኛ ክር 2ኛ ፍሬት ነው። ወደ ሲ ለመሄድ የቀለበት ጣትን ብቻ ወደ 5ኛ ክር 3ኛ ፍሬት ማዛወር ነው። ሁለቱ ጣቶች ቦታቸው ላይ ይቆያሉ። ኢ ሜጀርና ኤ ማይነርም ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ክር ነው። ጂን በመሃል ጣት 6ኛ ክር ላይ፣ በአመልካች 5ኛ ክር ላይ ከያዛችሁ ደግሞ ወደ ኢ ማይነር ስትሄዱ አመልካቹ አይነሳም። እነዚህ ጥንዶች በደንብ ከገቡ በኋላ ዲን ጨምሩ።

አራተኛ መንገድ፦ ፓወር ኮርድ

አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። አመልካች ጣት ወፍራም ክር ላይ ሲሆን፣ የቀለበት ጣት ቀጣዩ ክር ላይ ሁለት ፍሬት አለፍ ብሎ ያርፋል። ቅርጹን ማንሸራተት ነው። 6ኛ ክር ላይ 3ኛ ፍሬት ጂ ነው፣ 5ኛው ኤ፣ 8ኛው ሲ፣ 10ኛው ዲ።

ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ በዲስቶርሽን (ድምፁን በሚያሻክር ኢፌክት) ግሩም ነው። ለኃይለኛ መግቢያ፣ ለጌም ወይም ለስፖርት ቪዲዮ ይሆናል። አኩስቲክ ላይ ግን አልመክረውም። ኮርዱን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገው ኖታ የለበትም፣ ድምፁም ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ነው። ዲስቶርሽን ሳይኖር ያንን በስልክ ስፒከር ስታሰሙት ባዶ ይሆናል። የማይመቱትን ክሮች በእጅ ዝም ማሰኘትም የራሱ ሥራ አለው።

አምስተኛ መንገድ፦ ባሬ ኮርድ

አንድ ጣት አጋድሞ ሁሉንም ክር መያዝ ነው። በዚህ አትጀምሩ። ኋላ ላይ ስትደርሱበት ደግሞ ከኤፍ አትጀምሩ። 1ኛ ፍሬት ላይ በመቃኛው በኩል ክሩ ለሚያርፍበት ጠርዝ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ያንኑ ቅርጽ 5ኛ ፍሬት ላይ ብትይዙት ኤ ሜጀር ይሆናል፣ በጣም ይቀላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ኤፍ ውረዱ።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መንገድ | የጣት ጫና | መቀያየር | በስልክ ስፒከር | የሚሠራው ዘፈን | ለየትኛው ቪዲዮ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሦስት ክር | በጣም ትንሽ | ቀላል፣ ከዲ በቀር | ቀጭን ግን ጥርት ያለ | መካከለኛ | ግጥም፣ ንግግር |
| ሁለት ጣት የማይነሳባቸው | መካከለኛ፣ ትንሿ ጣት ላይ | ቀላል | በጣም ጥሩ | በካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን ሁሉ በሚይዝ መቆንጠጫ) ብዙ | ዘፈን፣ አጃቢ ሙዚቃ |
| ክፍት ኮርዶች | መካከለኛ | መጀመሪያ ከባድ | ጥሩ | እጅግ ብዙ | ዘፈን፣ ትምህርት፣ ሲማሩ ማሳየት |
| ፓወር ኮርድ | መካከለኛ | ቀላል | ኤሌክትሪክ ላይ ጥሩ | የሮክ ዓይነት | ኃይለኛ መግቢያ |
| ባሬ | ከባድ | ከባድ | ጥሩ | ሁሉም | ለቆየ ተጫዋች |

ካፖ ለዘፋኝ

ለምትዘፍኑ ሰዎች ከአምስተኛው ኮርድ በፊት ካፖ እንድትገዙ እመክራለሁ። ካፖ አንድ ፍሬት ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቶን ይወጣል። የጂ ቅርጾችን ይዛችሁ ካፖውን 2ኛ ፍሬት ላይ ብታደርጉ ኪዩ (ዘፈኑ የሚመሠረትበት ቃና) ኤ ይሆናል፣ 5ኛ ላይ ደግሞ ሲ። የሁለተኛው መንገድ ትልቁ ገደብ ሁሉም ነገር ጂ ኪይ ላይ መሆኑ ነበር። ካፖ ያንን ይፈታዋል።

ካፖ ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርግም። ታዲያ ሲ ኪይ ላይ ያለ ዘፈን ቢከብዳችሁስ? ቅርጹን ቀይሩ። የጂ ቅርጾችን ከ2ኛ ፍሬት ካፖ ጋር ያዙ። ኪዩ ኤ ስለሚሆን በ3 ግማሽ ቶን ወረደላችሁ።

ጊታሩስ?

እቤት ያለው ጊታር ይበቃል፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት በእሱ ሞክሩ። ልትመርጡ ከሆነ ግን ልዩነቱ እንዲህ ነው። የናይለን ክር ለጣት ይለሰልሳል፣ አንገቱ ግን ሰፊ ነው፤ የክላሲካል ጊታር ክሮቹ የሚያርፉበት ጠርዝ ወደ 52 ሚሊሜትር ይደርሳል። የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ወደ 43 ወይም 44 ሚሊሜትር ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ ድምፁም ብሩህ ነው፣ ጣት ግን ይጎዳል። ኤሌክትሪክ ለጣት ከሁሉም ይቀላል፣ ነገር ግን ለመቅረጽ ተጨማሪ ዕቃ ይፈልጋል። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር በፍጹም አታስሩ። የክሩ ውጥረት በጣም ስለሚበልጥ ክሮቹ የታሰሩበትን እንጨት ሊነቅለው ይችላል።

ሲቀረጽ

ስልኩን ከጊታሩ ወደ 30 ሴንቲሜትር አርቁና ወደ 12ኛው ፍሬት አካባቢ አዙሩት። በቀጥታ ወደ ጊታሩ ቀዳዳ ካዞራችሁት ድምፁ ይደፈርሳል። የምትዘፍኑ ከሆነ በአፍና በጊታር መሃል፣ ደረት ትይዩ ይሁን። አንዳንድ አፕ ጩኸት ለመቀነስ ብሎ የጊታሩን የሚረዝም ድምፅ ይበላዋል። ማጥፊያ ካለው አጥፉት።

በቁም በሚቀረጽ ቪዲዮ ውስጥ የጊታር አንገት ሙሉ በሙሉ አይገባም። አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ያዙ፣ ግራ እጃችሁም በፍሬሙ ውስጥ ይገባል። ኮርድ የምታስተምሩ ከሆነ የፊት ካሜራውን ፈትሹ። አንዳንድ ስልክ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያስቀምጠው ተመልካች ግራ ይገባዋል።

የሌላ ሰው ዘፈን ስትጫወቱ ዩቲዩብ በኮንቴንት አይዲ (የባለመብት ሙዚቃን በሚለየው ሥርዓቱ) በኩል ገቢውን ለባለመብቱ ሊሰጥበት ይችላል። በራሳችሁ ዜማና ግጥም የምትሠሩት ይህ ጣጣ የለበትም። አራት ኮርድ ለዚያም ይበቃል።

እንደ ፍላጎታችሁና እንደ ኪሳችሁ

ግጥም ለምታነቡ ወይም በንግግር ሥር ሙዚቃ ለምትፈልጉ፦ የሦስት ክር ኮርዶች። ጂ፣ ሲ እና ኢ ማይነር ከያዛችሁ መቅረጽ ጀምሩ። የተበደራችሁት ጊታር፣ ስልካችሁና ነፃ የመቃኛ አፕ ይበቃሉ፣ ምንም አትግዙ።

ለምትዘፍኑ፦ ሁለት ጣት የማይነሳባቸው ኮርዶች፣ ከካፖ ጋር። ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ካፖ፣ ፒክ (ክር መምቻ) እና አዲስ ክር ግዙ። አሮጌ ክር መቀየር ብቻውን ድምፁን በእጅጉ ያነቃዋል።

ስትማሩ ልታሳዩ ወይም ኋላ ልታስተምሩ ካሰባችሁ፦ ክፍት ኮርዶች፣ በጥንድ በጥንድ። እዚህ ዝግመቱ ራሱ ይዘት ነው። በየሳምንቱ በደቂቃ ስንቴ እንደቀየራችሁ እየቆጠራችሁ አሳዩ፣ ተመልካች ለውጡን በዓይኑ ያየዋል።

ኤሌክትሪክ ያላችሁና ድምፁን ወደ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የሚያስገባ ዕቃ መግዛት የምትችሉ፦ ፓወር ኮርድ፣ ጎን ለጎን ግን ኢ ማይነርና ኤ ማይነር።

ሁለት መንገድ መሃል ለሚያመነታ፣ የእኔ ድምፅ ለሁለተኛው ነው። በፍጥነት ለቪዲዮ ያደርሳል፣ ጂውም ወደ ክፍት ኮርዶቹ ሳይለወጥ ይሻገራል። አሁንም ካልቆረጣችሁ ይህን ፈተና ሞክሩ። ከሁለቱ መንገዶች በእያንዳንዱ አራት ኮርድ ለአንድ ሳምንት ተለማመዱ። ከዚያ ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ በስልክ ቅረጹ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ በስልኩ ስፒከር አዳምጡ። ምቱ ያልቆመበትን መንገድ ያዙ። ምቱ የቆመው አንድ ለውጥ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ መንገዱን አትቀይሩ፤ ያንን አንዱን ለውጥ ለይታችሁ ተለማመዱት።